ሳይመረመር የተቀበረው ቤዝ

ባለፈው ሰሞን ቡይት ራስ ላይ ለእንግዶች በተዘጋጀ አንድ ምሽት ላይ ተገኝተን ነበር። የቡይት ራስን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋቢ ደርበን፣ ጣታችንን በሻይ ብርጭቆ እያሞቅን ነበር የምናዳምጠው። ከደባርቅ የወጡት ልጆች መድረኩን ይዘዋል። ድራም አለ፣ ሊድ ጊታር አለ፣ ኪቦርድ አለ፣ ማሲንቆ አለ። ቤዝ ጊታርም አለ... ማለትም በዓይን ይታያል። ቤዚስቱ ጎንበስ ቀና ይላል፣ ጣቶቹ ይሮጣሉ፣ ድምፁ ግን የለም። ጆሮውን ጣል ያደረገ ሰው ከሩቅ የምትሰማ ትንኝ የመሰለች ነገር ያገኝ ይሆናል። ሁለተኛው ዘፈን ላይ የኪቦርዲስቱ ትዕግሥት አለቀና ግራ እጁን ወደ ታችኞቹ ቁልፎች ሰደድ አድርጎ የቤዙን ሥራ ራሱ ያዘው። ቤዚስቱ ምንም ሳይናገር ገመዱን ነቀለ፣ ጊታሩን ግድግዳ ላይ አስደገፈ፣ ወጥቶም ከዘበኛው ጋር እሳት ሊሞቅ ሄደ።

አንድ ሰው በዓይናችን ፊት ከሥራው ተፈናቀለ። ያፈናቀለው አለቃ የለም፤ የተጻፈ ደብዳቤም የለም። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኛም (እውነቱን እንናገር) አጨበጨብን። የሚገርመው ደግሞ ከጎናችን ከተቀመጡት መካከል ቤዙ መጥፋቱን ያስተዋለ አንድም ሰው አልነበረም። ለነገሩ ምን ይፈረዳል? የእኛ ትውልድ ሙዚቃ የሚሰማው በሞባይል ስፒከር ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይነካ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ያቺ የጥፍር ያህል ስፒከር ይህን ድምፅ አታውቀውም። እናም ቤዝ የሌለው ሙዚቃ ለምደናል። ያልለመዱት ነገር ሲጠፋ ማን ይጠይቃል?

እኛ ግን ጠየቅን። ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው አንድ የማይለቅ አመል አለበት፤ «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» ሳይል እንቅልፍ አይወስደውም። በማግስቱ ደባርቅ ወረድንና የጊታሩን ባለቤት አፈላለግን። ባለቤቱ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን እንተወው፤ ይህ ታሪክ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው ብላችሁ እንድትጽናኑብን አንፈልግም። ልጆቹ ጊታሩን የወሰዱት በውሰት ነው። ከዚያ በፊት ግን ጊታሩ በሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ከተሰበሩ ወንበሮች፣ ከአንድ የፎቶ ኮፒ ማሽንና ከሁለት የመኪና ጎማ ጋር ማለት ነው። አጠገቡ የተጻፈው «ፒክአፑ የሞተ፤ መለዋወጫ የሌለው» ይላል።

«ፒክአፑ መሞቱን የመረመረው ማነው?» ብለን ጠየቅን።

«የትኛው ፒክአፕ? ነጩ? እሱማ ጋራዥ ነው ያለው» አሉን የጠየቅናቸው ሰው።

ስቀናል፤ ቀልድ ግን አልነበረም። በዝርዝሩ ላይ የፈረሙት ሰዎች ምን እንደሞተ ሳያውቁ ነው የሞት ወረቀት የቆረጡት። ዝርዝሩን ደግመን አየነው። የዕቃው ዓይነት የሚል ዓምድ አለ። ብዛት አለ። የተገዛበት ዘመን የሚል አለ (ባዶ ነው)። «ለምን» የሚል ዓምድ የለም። «በማን ተመረመረ» የሚልም የለም። አንድ ተማሪ ይህን የመሰለ ዜና ጽፎ ቢያቀርብ ኖሮ አስተማሪዎቻችን በቀይ እስክሪብቶ ያዥጎረጉሩት ነበር።

እንግዲህ መኪና ያልሆነው ፒክአፕ ምን እንደሆነ እንናገር፤ ነገሩ ውስብስብ ስላልሆነ ነው የሚያናድደው። ማግኔት አለ። በማግኔቱ ዙሪያ ከፀጉር የማይወፍር በቫርኒሽ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ በሺዎች ጊዜ ተጠምጥሟል። ከላዩ የብረት ክር ይርገበገባል። ክሩ ሲንቀሳቀስ የማግኔቱ መስክ ይናወጣል፣ ሽቦው ውስጥም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ፋራዳይ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው ነገር ነው፤ ከዚህ የተለየ ምስጢር የለውም። የወፍጮ ቤቱ ሞተር፣ የመኪናው ዳይናሞና የቤዙ ፒክአፕ ያው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን የተባለውን ቤዝ ለገበያ ሲያወጣም ይህንኑ ነው እንጨት ላይ የገጠመው። በ1957 ደግሞ ፒክአፑን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለሁለቱ ወፋፍራም ክሮች፣ ግማሹን ለሁለቱ ቀጫጭን ክሮች አደረገው። የእኛው ጊታር የማን ሥራ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፤ አናቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቆ አልቋል። ፒክአፑ ግን ይህንኑ ለሁለት የተከፈለ ዓይነት ነው። በንብረት ካርዱ ላይ ደግሞ ስሙ «ጊታር፣ ትልቁ» ነው።

ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ደግ ሰው ናቸው። «ልጆቼ፣ በኪነት ጊዜ የመጣ ነው ይላሉ፤ እኔ ስረከብ እዚሁ ነበር» አሉን። የኪነት ጊዜ ሲባል በደርግ ዘመን በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድን የነበረበት ማለታቸው ነው። ጎንደር ፋሲለደስ፣ ወሎ ላሊበላ፣ ጎጃም ግሽ ዓባይ ነበሯቸው። ያንን ዘመን ለመናፈቅ አይደለም፤ ብዙው ዘፈን ለመፈክር የተጠራ ነበር። መሣሪያ ግን በየክፍለ ሀገሩ ደርሶ ነበር። ያ መሣሪያ ዛሬ የት ነው? የየከተማችሁን ግምጃ ቤት ጠይቁ። ሳምንት ሰጥተውን ጊታሩን በፊርማ ወሰድነው።

ጊታሩን ከመክፈታችን በፊት በየደረስንበት የሰማነውን «ምርመራ» መጻፍ አለብን፤ ከጊታሩ ይልቅ የሚገርመው እሱ ነውና። አንዱ «ባትሪው አልቆ ነው» አለን። ጊታሩ ባትሪ የለውም፤ እንዲህ ያሉት የድሮ ቤዞች ባትሪ አያውቁም። ሌላው «መብራት ሲመጣና ሲሄድ አቃጥሎታል» አለ። የመብራት መዋዠቅ ብዙ ነገር አቃጥሎብናል፤ ይህን ግን አላቃጠለም። ፒክአፕ ከግድግዳው ሶኬት ምንም አይቀበልም፣ የሚያመነጨው ከአንድ ቮልት በታች የሆነ የራሱን ኤሌክትሪክ ነው። ሦስተኛው በጣም የተማረ ነው፤ «ማግኔቱ አርጅቶ ደክሟል» አለን። ማግኔት እንደ ሰው ጡረታ አይወጣም። በዘመን ብዛት የሚያጣው ጥቂት ነው። ኃይለኛ ማግኔት ሲጠጉት ይደክም ይሆናል። ማወቅ የፈለገ ሰው መፍቻ አስጠግቶ ማየት ነው። እኛ አስጠጋን፤ መፍቻውን ጥርቅም አድርጎ ያዘው። አራተኛው ደግሞ የሁሉም አለቃ ነው፤ «አዲስ ይገዛ!» አለ።

አዲስ ይገዛ... ከየት? ከደባርቅ አዲስ አበባ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በጀቱ መቼ ይያዝ? ጨረታው መቼ ይውጣ? ይግዛ የሚለው ሰው እስኪገዛ ድረስ ቤዚስቱ ምን ይብላ? የሠርግ ሥራ የሚቀጥረው ሰው ቤዝ የሌለውን ቤዚስት አይቀጥርም። ኪቦርዲስት አንድ ካለ ለድራሙም ለቤዙም ለነፋሱም ይበቃዋል፤ ሦስት ሰው የሚቀልብበት አበል ለአንድ ይከፈላል። እኛ ኪቦርዲስቶቹን አንወቅስም፤ እነሱም እንጀራ ፍለጋ ነው። የምንወቅሰው ሥራው እንዲህ በቀላሉ ከሰው እጅ ሲወጣ «ዘመኑ ነው» የሚለውን ነው። ዘመኑ አይደለም። ከታች እንደምታዩት የአንዲት ሽቦ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ገመዱን ለወጥን። ለውጥ የለም። በዚያው ገመድ ሊድ ጊታሩን ሰካነው፤ አምፕሊፋየሩ አንጓጓ። ስለዚህ ገመዱም አምፕሊፋየሩም ደህና ናቸው፣ በሽታው ጊታሩ ውስጥ ነው። እዚህ ለመድረስ አምስት ደቂቃ ፈጀብን። ይህን አምስት ደቂቃ ነው በስንት ዓመት ማንም ያላወጣው።

ቀጥሎ ክሮቹን አየን። ሦስቱ ብረት ናቸው። አራተኛው፣ ቀጭኑ፣ የክራር ናይለን ነው! አንድ ብልህ ልጅ ክሩ ሲበጠስበት ክራር ላይ ያገኘውን አስሮበታል። ከእንጨቱ ጋር ጆሯችንን አጣብቀን ስንሰማው ያምራል። ፒክአፑ ግን ናይለንን አይሰማም። ማግኔት የሚያውቀው ብረትን ነው፤ ናይለን ቢርገበገብ ባይርገበገብ ግድ የለውም። «ቀጭኑ ክር ጭራሽ አይሰማም» የተባለው በሽታ እንግዲህ በሽታ አልነበረም። (በነገራችን ላይ የባህል ባንዶች ቤዝ ክራር ሠርተው ማጉያ ላይ ከሰኩ ቆይተዋል። ናይለን ሆኖ እንዲሰማ ከፈለጉ ግን የእንጨቱን ንዝረት የሚቀበል ሌላ ዓይነት ፒክአፕ ነው የሚያስፈልገው።)

ከዚያ ፒክአፑ ራሱ። በደህና ጊዜ ከክሩ በታች ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ መቀመጥ አለበት። የእኛው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ሰምጧል። ዊንጮቹ አልጠፉም፤ ከሥሩ ደግፎ የሚያነሳው ስፖንጅ ነው በእርጅና እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈርፍሮ ያለቀው። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሁለት ቁራጭ ቆርጠን ከሥሩ አስገባን። ድምፁ ጨመር አለ። የቮልዩሙንና የቶኑን ቁልፍ ስናዞር ቅጭጭጭ የሚለውን ደግሞ ለኤሌክትሪክ ዕቃ በተሠራ ማጽጃ ረጨነውና ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አዞርነው። ገመዱ የሚሰካበት ጃክ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ነበረው፤ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ጠረግነው። ደባርቅ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምቱን ሙሉ ጉም የሚገባበት ግምጃ ቤት ውስጥ የተዘጋ መዳብ አረንጓዴ ባይሆን ነበር የሚገርመው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ድምፁ አሁንም ቀጭን ነው። ሰፌድ ላይ እንደሚንሿሿ ጤፍ። ተስፋ ልንቆርጥ ነበር። «ፒክአፑ እውነትም ሞቶ ቢሆንስ?» ተባባልን። ይህን ሁሉ የምንጽፍባቸው ሰዎች ትክክል ሆነው ቢገኙ ምን ይውጠናል?

ዳባት አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ እንዳሉ ሰማንና ጊታሩን በሚኒባስ ጭነን ወረድን። (ረዳቱ ለጊታሩም የሰው ሒሳብ ጠየቀን፤ ከፈልን።) ጋሼ ከራሳቸው ትንሽ የምትሰፋ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ቤዝ ጊታር ጠግነው አያውቁም። «ሽቦና ማግኔት ነው አይደል? እንግዲያው ስፒከር በሉት፣ የተገለበጠ ስፒከር» አሉን። ከዚህ የተሻለ ትርጉም በየትም አላነበብንም።

ቢጫዋን ቴስተር አወጡ። ኦም መለኪያው ላይ አድርገው፣ ከፒክአፑ የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች ከቁልፎቹ ለይተው ለኩ። ቴስተሯ «1» ብቻ አሳየች፤ ያቺ ግራ ጠርዝ ላይ ብቻዋን የምትቆም 1። መንገድ የለም፣ የሆነ ቦታ ተቆርጧል ማለቷ ነው። ደህና ቢሆን ኖሮ ለዚህ ዓይነቱ ፒክአፕ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሺህ ኦም ግድም ማሳየት ነበረባት። ልባችን ድርቅ አለ። ጋሼ ግን ሁለቱን ግማሾች ለየብቻ ለኩ። የመጀመሪያው 5 ነጥብ 2 ሺህ። ደህና ነው! ሁለተኛው፣ 1።

የሁለቱ ግማሾች ሽቦ የተያያዘው በተራ ነው፤ አንዱ ካለቀበት ሌላው ይቀጥላል። ልክ እንደ ሊማሊሞ መንገድ ነው። አንድ ቦታ ናዳ ከዘጋው ታችም ያለው መኪና ላይም ያለው መኪና ይቆማል። ስለዚህ ግማሹ ቢቆረጥ ሙሉው ይታመማል። ታዲያ ለምን ጭራሽ ዝም አላለም? ቀጫጭኑ ድምፅ የተቆረጠውን ክፍተት እየዘለለ ጥቂት ጥቂት ስለሚያልፍ ነው። ወፍራሙ መዝለል አይችልም። ትንኟ ይቺ ነበረች። ጊታሩ በስንት ዓመቱ ቁስሉን በራሱ አንደበት ሲናገር ነበር፤ «አልሞትኩም፣ የሆነ ቦታ ተቆርጫለሁ» ሲል። የሰማው የለም እንጂ።

ክዳኑን ከፍተን በማጉያ መነጽር አየን። የጥምጥሙ የውጨኛው ጫፍ ከመውጫው ነጥብ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ተበጥሷል። የውስጠኛው ጫፍ ቢሆን ኖሮ ጥምጥሙን ሁሉ ፈትቶ እንደገና መጠምጠም ግድ ይል ነበር። ያም ቢሆን የዓለም መጨረሻ አይደለም። በየከተማው የወፍጮ ሞተርና የመኪና ዳይናሞ ሽቦ ሲጠመጥሙ የሚውሉ ሰዎች አሉ፤ ሽቦው እጅግ ይቀጥናል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ አሠራሩ ግን ያው ነው። እኛን ዕድል ረዳን። ከጥምጥሙ አንድ ዙር ፈታን፣ ጫፉ ላይ ያለውን ቫርኒሽ በቀስታ ፋቅን፣ ጋሼም ካውያውን ወደ እኛ ገፋ አድርገው «በሉ እናንተ ያዙት፤ ዓይኔ ደክሟል» አሉ።

ያዝነው። በሩ ላይ ሦስት አራት ሰው ተሰብስቦ ነበር። አንዱ «ሴት ልጅና እሳት!» ብሎ ሳቀ። ሌላኛው ምን እንዳለ አንጽፈውም፤ አንድ ቃል ነው፣ በእኛ አገር በእሳት የሚሠራን ሰው ሁሉ ስንት ዘመን ሲሰድቡበት የኖሩት ቃል። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን የሰደብንበት። እዚሁ አካባቢ ማረሻችንንና ጀበናችንን የሠሩልን ሰዎች በስንት ስም ተጠርተዋል! አዝማሪውንም አልማርነውም። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መሳደብ በአዋጅ እስከመከልከል የደረሱት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩት አፄ ቴዎድሮስስ በ1847 ዓ.ም የነገሡት የት ሆነና ነው? እዚሁ ሰሜን፣ ደረስጌ ማርያም ነው። የባለ እጅን ዋጋ ያወቀ ንጉሥ በነገሠበት አገር ነው እንግዲህ ዛሬ ካውያ የያዘች ልጅ በር ላይ ሰው የሚሰበሰብባት።

አንዲት ጠብታ ሊድ። ጭስ። ቴስተር። 5 ነጥብ 1። ሁለቱ አንድ ላይ ሲለኩ ከ10 ትንሽ የሚበልጥ። ጋሼ ሒሳብ አልቀበልም አሉ፤ ስንለምናቸው የሊዱን ብቻ ተቀበሉ። በቤታቸው የነበረችው አሮጌ ማጉያ ላይ ሰካነውና ቤዚስታችን ወፍራሙን ክር መታ። መደርደሪያው ላይ የነበሩት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። በሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ዝም አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ እንምጣ።

በዚህ አገር የድሮ ሙዚቃ የማይወድ ሰው አይገኝም። ሁሉም ስለ «ወርቃማው ዘመን» ያወራል። ጂዮቫኒ ሪኮ በአይቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ የተጫወታቸውን ቤዞች የማያውቅ ጆሮ የለም፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ጋር ያስቀረጸው «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ ታተመ፤ በ1986 አውሮፓ ውስጥ እንደገና ሲወጣ ፈረንጁ ጉድ አለ። ኃይሉ መርጊያና ዋሊያስ ባንድ በ1977 ያወጡት «ጨ በለው» በ2014 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ተሸጠ። እሱ ላይ ቤዙን የሚጫወተው መላከ ገብሬ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ደግሞ ኢትዮፒክስ ብሎ የሰበሰባቸው ሲዲዎች ዓለምን ዞረዋል። ደስ ይላል። የደባርቅ ካፌዎችም ያጫውቷቸዋል፣ እኛም እንወዳቸዋለን።

ግን እኮ ያ ድምፅ ከሰማይ አልወረደም! ከእንዲህ ያለ እንጨት፣ ከእንዲህ ያለ ሽቦ፣ ከእንዲህ ያለ ጣት ነው የወጣው። ድምፁን እንደ ታቦት አክብሮ መሣሪያውን ከተሰበረ ወንበር ጋር ለጨረታ የሚያወጣ ናፍቆት ምን ዓይነት ናፍቆት ነው? የትዝታ ዝግጅት ላይ እንባ የሚያፈሱ ሰዎች በዚያው ወር የንብረት ማስወገጃ ቃለ ጉባኤ ላይ ይፈርማሉ። ለናፍቆቱ አዳራሽ ይከራያሉ፤ ለሽቦው አንድ ቴስተር አይገዙም። የቀድሞዎቹ ሙዚቀኞች መሣሪያቸው ሲበላሽ ከአዲስ አበባ ውጭ ወደየትም አይልኩም ነበር ማለት አንችልም። አንድ ነገር ግን እናውቃለን፤ ጊታር የሚጫወት ሰው ጊታሩን ካልከፈተ ግማሽ ተጫዋች ነው። ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪ ጭራውን ራሱ ይቀይራል፣ ቆዳውን ራሱ ይወጥራል። በገና ደርዳሪው እንዚራዎቹን ራሱ ያስተካክላል። ኤሌክትሪክ ሲገባበት ነው እንዴ እጃችን የሚሽመደመደው?

«ሁሉም ሰው ጠጋኝ ይሁን ወይ?» የሚለንን ሰው እናውቀዋለን። አይደለም። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች አሉ፣ ዳባት ጋሼ አሉ። የጎደለው የሚጠይቃቸው ሰው ነው። የምንለው ይህን ብቻ ነው፦ አንድ ዕቃ ሞቷል ተብሎ ከመጻፉ በፊት አንድ ሰው ገመዱን ይቀይር፣ ክሩን ይይ፣ ቴስተር ያሳርፍበት፣ ያገኘውንም ቁጥር ከስሙ ጋር ይጻፍ። «1» ከሆነ «1» ይጻፍ፤ የቱ ጋ እንደሆነም ይጻፍ። ያኔ ብታስወግዱት አንጣላችሁም።

ጊታሩን ይዘን ወደ ግምጃ ቤት ተመለስን። ድግስ እንደሚጠብቀን አስበን ነበር መሰለን። «እትዬ፣ ዳነ!» አልናቸው። ደስ አላቸው፤ ፊታቸው ላይ አየነው። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን አወጡና ዝም አሉ።

«ልጆቼ፣ በሞተ ነው የተጻፈው» አሉ።

«አሁን እኮ ይሠራል።»

«ይሠራል። ግን በደህና ዕቃነት ልመልሰው ብል በምን ሞዴል 19 ነው ገቢ የማደርገው? ከየት መጣ ቢሉኝስ? ኦዲተር ሲመጣ የጎደለው ብቻ መሰላችሁ የሚጠየቀው? የተረፈም ይጠየቃል። ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው።»

እኛ በእሳቸው ላይ አልፈረድንም። ሕጉ የወጣው ንብረት እንዳይዘረፍ ነው፤ በየቦታው ሲዘረፍም አይተናል። በዚያች ደሞዛቸው ለአንድ «ጊታር ትልቁ» ብለው ዕዳ እንዲገቡ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር እሱ ከእኛ ይብሳል። ነገር ግን እዩት እስቲ፤ ጊታሩን ለመግደል አንድ መስመር በቃ፣ ማስረጃ አልተጠየቀም። መዳኑን ለመመዝገብ ግን ቅጽ የለም። አገራችን ውስጥ ሞትን የሚመዘግብ ወረቀት ሞልቷል፣ መዳንን የሚመዘግብ ጠፋ። ይህ ከቤዝ ጊታር ያለፈ ነገር መሆኑን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በዚሁ እንተወው።

እትዬ በመጨረሻ መላ አመጡ። ጊታሩ በውሰት በወጣበት ሞዴል 22 ላይ የውሰቱ ጊዜ እንዲራዘም ፈረሙልን፤ ስለዚህ በወረቀት ሞቶ በአካል ከልጆቹ ጋር ነው ያለው። አስወጋጅ ኮሚቴው የሚሰበሰበው የፊታችን ማክሰኞ ከሰዓት ነው። እንድንገባ ተፈቅዶልናል፣ «አሥር ደቂቃ ብቻ» ተብለናል። ቤዚስታችን አዲስ አራተኛ ክር ከጎንደር አስመጥቷል፣ ብረት ነው። ቴስተሩን ጋሼ አውሰውናል። አምፕሊፋየሩን በጋሪ እናመጣለን። መሰብሰቢያ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ሶኬት በመስኮቱ በኩል ያለው ብቻ ስለሆነ ረዘም ያለ ማራዘሚያ ያለው ሰው ቢያውሰን ደስ ይለናል።